ለደንገጎ መንገድ የምትመጥን መኪና

ልጆቹን አሳድጎ ለወግ ለማዕረግ ያበቃ፣ የቤቱን ዕዳ ከፍሎ የጨረሰ፣ ከመሥሪያ ቤቱም በክብር ተሰናብቶ ጡረታውን የተቀበለ ሰው፣ አንድ ቀን ተነሥቶ ‹‹ፈጣንና ደስ የምታሰኝ መኪና መግዛት አምሮኛል›› ቢል፣ ከዘመድና ከወዳጅ መጀመሪያ የሚሰማው ቃል ግሣጼ ነው። ባለቤቱ የጣራውን ቆርቆሮ ታስታውሰዋለች፤ ታላቅ ልጁ ‹‹አባባ፣ ደግሞ በዚህ ዕድሜ!›› ይለዋል፤ የዕድር ጓደኞቹ በአርምሞ ይመለከቱታል፤ ሐረሪ የሆነ እንደ ሆነም ነገሩ አፎቻ በሚባለው የመረዳጃ ማኅበሩ መካከል ይነሣና፣ የአባቶች ትውፊት ለሽማግሌ ያዘዘው ስክነትን እንጂ ሽምጥን አለመሆኑ ይነገረዋል። ገሣጮቹ ለእርሱ አስበው የሚናገሩ ናቸውና አይነቀፉም። ነገር ግን ምኞቱ ራሱ ከንቱ እንዳልሆነ፣ በሚገባ ከተመራም ለሰውዬው ብቻ ሳይሆን ለከተማው ጭምር የሚተርፍ በጎ ነገር እንዳለበት የሚናገርለት ጠበቃ እምብዛም ስለማያገኝ፣ እኔ በዚህ ጽሑፍ ልቆምለት ወድጃለሁ። የምናገረውም ከሐረር ሆኜ ነው፤ በዚህ አገር የትኛይቱ መኪና ፈጣን፣ የትኛይቱም ደስ የምታሰኝ እንደ ሆነች የሚፈርደው የሻጩ ወሬ ወይም የፍጥነት መለኪያው ቍጥር ሳይሆን መንገዱ ራሱ ነውና።

አስቀድሞ ምኞቱ ለአገራችን እንግዳ አለመሆኑን እናስተውል። በቀድሞው ዘመን አንድ ባላባት ዕድሜው ሲገፋ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲመኛት የኖረችውን ሰጋር በቅሎ በብዙ ብር ገዝቶ፣ መጣብሯን በብር አስጊጦ፣ ለበዓልም ለገበያም ሲወጣባት ያየ ሰው ሁሉ ‹‹ይገባዋል!›› ይል ነበር እንጂ፣ ገንዘቡን በከንቱ አጠፋ ብሎ የወቀሰው አልነበረም። የበቅሎዪቱ ሰጋርነት ለሽማግሌው ወገብ ዕረፍት፣ ለልቡናውም ፍሥሐ መሆኑ የታወቀ ነበርና። ጥቂት ቆይቶ መኪና ወደ ምድራችን በገባ ጊዜም፣ በኢትዮጵያውያን ዘንድ መጀመሪያ መሪ የጨበጠው እጅ የወጣት እጅ አልነበረም። በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ዎልስሊ የምትባለውን መኪና ከጂቡቲ አስነሥቶ፣ መንገድ ያልተጠረገበትን በረሓ አቋርጦ፣ ከብዙ እንግልት በኋላ አዲስ አበባ ሲያደርሳት፣ ቀርበው መርምረዋት፣ ተሳፍረውባት፣ ኋላም ራሳቸው ነድተዋት የተደሰቱት ዳግማዊ ምኒልክ ነበሩ። ንጉሠ ነገሥቱ የተወለዱት በነሐሴ 1836 ዓ.ም. ነውና ያን ጊዜ ዕድሜአቸው 63 ዓመት ሆኖ ነበር፤ የዐድዋ ድል ካለፈም ዐሥራ ሁለት ዓመት ተቈጥሯል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ደዌ ጸናባቸው፤ በ1906 ዓ.ም.ም ዐረፉ። ያን ያህል የመንግሥት ጭነት በትከሻቸው ላይ ሳለ፣ ያን ያህልም ጥቂት ጊዜ ቀርቷቸው ሳለ፣ አዲስ ነገር ለማወቅና በመሪ ለመደሰት ልባቸው ያልደከመ መሆኑን ሳስብ፣ በዚህ ዘመን በ60 ዓመቱ ‹‹ጊዜዬ አልፏል›› ለሚለው ሰው አዝንለታለሁ።

ከባሕር ማዶ ያለውን ምሳሌ ባጭሩ ልጥቀስ። ፖል ኒውማን የተባለው ዝነኛ አሜሪካዊ የሲኒማ ተዋናይ የመኪና እሽቅድምድምን የጀመረው በጎልማሳነቱ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1979 በ54 ዓመቱ፣ በፈረንሳይ አገር ለማን በሚባለው ስፍራ በሚደረገው የ24 ሰዓት ውድድር ከጓደኞቹ ጋር ሁለተኛ ወጥቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1995 ደግሞ 70 ዓመት ሞልቶት ሳለ በዴይቶናው የ24 ሰዓት ውድድር የእርሱ ቡድን በምድቡ አንደኛ ሆኗል። ይህን የምጠቅሰው የሐረር ጡረተኛ ይሽቀዳደም ለማለት አይደለም፤ እጅና ልቡና በመሪ ላይ የሚያገኙት ደስታ በሃምሳ ዓመት የሚዘጋ በር እንዳልሆነ ለማስረዳት ነው። በእውነቱ ነገሩ ወደ ሽምግልና ሲጠጋ ይጠራል። ወጣቱ መኪና የሚሻው ሊታይባት ነው፤ ጎልማሳው ልጆቹን ትምህርት ቤት ለማድረስ፣ ጭነት ለመጫን፣ ቢሮ ለመድረስ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ለሌላው ሰው ሲነዳ የኖረ ሰው ግን፣ ልጆቹ ወጥተው የኋላው ወንበር ባዶ ሲቀር፣ መንዳትን ስለ መንዳት ብሎ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊቀምሰው ይችላል።

እንግዲህ ወደ ሐረር እንመለስ። በአሚር ኑር ዘመን፣ በዐሥራ ስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በታነጸው ግንብ የተከበበው ጀጎል፣ ከዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ እ.ኤ.አ. በ2006 የገባው፣ በውስጡ 82 መስጊዶችንና ከ100 የሚበልጡ የአውልያ መቃብሮችን ይዞ የሚገኝ ጥንታዊ ከተማ ነው፤ መንገዶቹም ለእግረኛና ለአህያ የተሠሩ ስለ ሆኑ፣ ከሁለቱ ግድግዳዎች መካከል ሁለት ሰዎች ትከሻ ለትከሻ ሳይነካኩ የማይተላለፉባቸው ብዙዎች ናቸው። ፈላና በር፣ ኤረር በር፣ ሰንጋ በር፣ ቡዳ በርና ሸዋ በር የሚባሉት አምስቱ የጥንት በሮች ለመኪና የታሰቡ አልነበሩም፤ በኋላ ዘመን የተከፈተው ስድስተኛው፣ ሐረር በር፣ መኪና አስገብቶ በዋናው መንገድ እስከ ፈረስ መጋላ ያደርሳል። ቀድሞ የፈረስ ገበያ በነበረው በዚህ አደባባይ ላይ፣ ለብዙ ዘመን ተሰልፈው ተሳፋሪ ሲጠብቁ የኖሩት ፔጆ 404 የሚባሉት የፈረንሳይ መኪናዎች ናቸው። አዲስ አበባ ላዳዋን፣ ሐረር ደግሞ ፔጆዋን ታክሲ አድርጋ መኖሯን የማያውቅ መንገደኛ የለም። ወደ ከተማው የመጡበት መንገድም ግልጽ ነው፤ ከጂቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ከደረሰ ጀምሮ ይህ አውራጃ በንግድም በቋንቋም ከፈረንሳዮች ጋር የተሳሰረ ነበርና፣ የፈረንሳይ መኪናና የፈረንሳይ መለዋወጫ ከወደቡ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያገኘው ይህን አገር ነው።

እነሆ እኔ ለሐረር ሽማግሌ የምመክራት ፈጣን መኪና ይህችው ታክሲ ናት፤ አንባቢ ቢገረምም ምክንያቴን ይስማኝ።

ፔጆ 404 የወጣችው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው። መልኳን የነደፈው የጣሊያኑ ፒኒንፋሪና ቤት ነው፤ ያ ቤት ለፌራሪ መኪናዎችም መልክ ሲያወጣ የኖረ ነውና፣ የቀጥታ መሥመሯና ከኋላ ሾጠጥ ብለው የሚወጡት ክንፎቿ ዛሬም ዓይንን የሚስቡት በአጋጣሚ አይደለም። ሞተሯ አራት ሲሊንደር፣ ይዘቱ 1,618 ሴንቲ ሜትር ኩብ ሲሆን፣ ኮፈኑ ዝቅ ብሎ እንዲከደን ወደ ጎን 45 ዲግሪ ተጋድሞ የተተከለ ነው፤ ቴስታታውም ከአሉሚኒየም የተሠራ ነው። ጉልበቷ በመጀመሪያው ዘመን 72 ፈረስ ብቻ ነበር፤ ፍጥነቷም በሰዓት 140 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዛሬ መለኪያ ይህ ትንሽ ነው። ነገር ግን ክብደቷ ከአንድ ቶን ብዙም አይበልጥም፤ መሪዋ ያለ ምንም ረዳት መሣሪያ ከጎማው ጋር በቀጥታ የሚነጋገር ነው፤ ሞላዎቿ ረጃጅም ስለ ሆኑ ጉድጓድ ሲገጥማት ትዋጠዋለች እንጂ አትዘልም። በፈረንሳይ አገር እስከ እ.ኤ.አ. 1975፣ በኬንያም ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ሲገጣጠሙ ኖረው፣ ቍጥራቸው በዓለም ላይ ከ2 ሚሊዮን ተኩል አልፏል።

ደግሞም ይህች መኪና የምትታማበት ዝግተኛነት ሐሰት መሆኑን የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊ ይመሰክራል። ያ ውድድር በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያ በኩል፣ በጭቃና በአቧራ፣ ሌሊትና ቀን፣ በሺህ የሚቈጠሩ ኪሎ ሜትሮች የሚነዳበት ሲሆን፣ ፔጆ 404 በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 እ.ኤ.አ. አራት ጊዜ አንደኛ ወጥታለች። በ1963 እና በ1968 ዓመታት መንገዱ እጅግ ከመክፋቱ የተነሣ፣ ከተነሡት ብዙ መኪናዎች መካከል ለመፈጸም የበቁት ሰባት ሰባት ብቻ ነበሩ፤ በሁለቱም ጊዜ ከሰባቱ ፊት የደረሰችው 404 ናት። ከእርሷ የሚበልጥ ጉልበት የነበራቸው መኪናዎች በየጭቃው ቀርተው እርሷ ያለፈችበት ምስጢር፣ የነበራትን ጥቂት ጉልበት ሁሉንም በመንገዱ ላይ ልታውለው መቻሏ ነው።

የነገሩም ሁሉ ሥር ይህ ይመስለኛል። መኪና ፈጣን የምትባለው ፋብሪካው በጻፈላት ቍጥር አይደለም፤ የያዘችውን ጉልበት ነጂው በሚነዳበት መንገድ ላይ፣ ያለ ፍርሃትና ያለ ኃጢአት፣ እስከ መጨረሻው ሊጠቀምበት በቻለ ጊዜ ነው። በሰዓት 250 ኪሎ ሜትር የምትሮጥ መኪና ገዝቶ በሐረር የሚነዳ ሰው ከመኪናው አንድ አራተኛዋን እንኳ ሳያውቃት ይኖራል፤ ደስታው በጋራዥ ውስጥ የተቀበረ ነው። በአገራችን ያለው ሰፊው የፍጥነት መንገድ፣ ከአዲስ አበባ አዳማ የሚወስደው፣ እንኳ ከ120 በላይ አይፈቅድም። በ404 ላይ የተቀመጠ ሰው ግን ሁለተኛ ማርሽ፣ ሦስተኛ ማርሽ፣ አራተኛም ማርሽ እያለ፣ ከመሪው ሥር የተተከለችውን የማርሽ ዘንግ በጣቱ እየገፋ፣ ሞተሩ የሚችለውን ሁሉ ሲሠራለት ይሰማል፤ ፍጥነቱ ግን ከሕግ አይወጣም።

ከፍታም የሚያመጣው ጣጣ አለ፤ መኪና ሻጮች ይህን አያነሡትም። ሐረር ከባሕር ወለል በላይ 1,880 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ናት። አየሩ ስስ በሆነ ቍጥር ሞተሩ የሚስበው ኦክስጅን ያንሳል፤ ተርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ ዐሥረኛ ያህሉን ያጣል። ስለዚህ የፔጆዋ 72 ፈረስ ሐረር ላይ 60 አይሞላም። ካርቡራቶሩ ለባሕር ዳርቻ ተስተካክሎ የመጣ እንደ ሆነ ደግሞ ቤንዚኑ ከአየሩ በላይ እየሆነ ጥቁር ጭስ ያስወጣታል፤ የሐረር ሜካኒክ ዡግለር የሚባለውን የቤንዚን ማሳለፊያ ወደ ታናሽ የሚለውጠው ለዚህ ነው። ይህን የማያውቅ ገዢ መኪናዪቱን ‹‹ሞተሯ ደክሟል›› ብሎ ያልፋታል፤ የሚያውቅ ግን ለዋጋ ክርክር ይጠቀምበታል።

አሁን ስለ መንገዱ ልናገር፤ ከሁሉ በላይ የምወደው እርሱን ነውና። ከድሬዳዋ ሐረር ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ድሬዳዋ ከ1,200 ሜትር ብዙም ከፍ ያላለች የቆላ ከተማ ናት፤ ከዚያ የተነሣ ሰው ገና ከከተማው ወጣ እንዳለ የደንገጎ ዳገት ይቀበለዋል። መንገዱ በተራራው ወገብ ላይ እየተጠመዘዘ፣ አንዱን መታጠፊያ ሳይጨርሱ ሌላውን እያሳየ፣ ቆላውን ከእግር በታች ጥሎ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ያወጣል። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የሚነፍሰው አየር ይለወጣል፤ ላብ የነበረው ሰው ኮት ይፈልጋል። በዚህ ዳገት ላይ 404ን በሁለተኛ ማርሽ ይዞ፣ ወደ መታጠፊያው ሳይገባ አስቀድሞ ፍሬን ነክቶ፣ በመታጠፊያው መካከል እግሩን በነዳጅ መስጫው ላይ በልስልስታ እያሳረፈ፣ ሲወጣም ሞተሩን ለቆት መሪው በእጁ ውስጥ ራሱ ሲመለስ የተሰማው ሰው፣ ስለ ፍጥነት የሚጠይቀው ሌላ ጥያቄ አይኖረውም። የመለኪያው መርፌ ግን ያን ጊዜ ከ50 አላለፈም። ከደንገጎ በኋላ መንገዱ ሰከን ይላል፤ በአዴሌና በአለማያ፣ በሐይቁ ሜዳና በዩኒቨርሲቲው አጠገብ፣ በአወዳይም አልፎ ሐረር ያገባል።

መውረዱ ግን የተለየ ጥበብ ይሻል። የቀድሞዎቹ 404ዎች በአራቱም ጎማዎች ከበሮ ፍሬን ያላቸው ናቸው፤ የፊት ዲስክ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ነው። ከበሮ ፍሬን በረጅም ቍልቍለት ላይ ያለማቋረጥ የተረገጠ እንደ ሆነ ይግላል፤ ሲግል ደግሞ መያዙን ይተዋል፤ እግር እስከ ወለሉ ቢወርድም መኪናው አይቆምም። ስለዚህ ወደ ድሬዳዋ የሚወርድ ሽማግሌ፣ የወጣበትን ማርሽ ለመውረጃም ይያዘው፤ ሞተሩ ራሱ ይግታለት፤ ፍሬኑን በአጭር በአጭሩ ይንካ። ይህ ትዕግሥት የሚጠይቅ ነገር ነው፤ የ60 ዓመት ሰው ከ20 ዓመቱ ልጅ የሚሻልበት ስፍራ ቢኖር ይህ ነው።

በዚሁ መንገድ ላይ ሌላ ዓይነት ፍጥነት አለ። አወዳይ ትልቁ የጫት ገበያ ነው፤ ቅጠሉ ከተቀጠፈ በኋላ ቶሎ ስለሚጠወልግ፣ ጫት የጫኑት መኪናዎች ወደ ድሬዳዋ፣ ወደ ጅጅጋና ከዚያም ወዲያ ወደ ድንበሩ ሲበሩ የሚያቆማቸው የለም። የእነርሱ ፍጥነት የገበያ ፍጥነት ነው፤ ሾፌሩ ደስ ብሎት ሳይሆን ሰዓት እያሳደደው የሚነዳ ነው፤ ከእነዚህ ጋር መፎካከር የሚሻ ሽማግሌ ካለ መኪና ባይገዛ ይሻለዋል። ከኋላው መብራት ሲያበሩበት ቀኙን ይዞ ያሳልፋቸው። በመሸ ጊዜም ከግንቡ ውጪ ጅቦች ወደ መንገድ ስለሚወጡ፣ ግመልና አህያም ያለ መብራት ስለሚነዱ፣ የደስታ መንዳት በጧት ቢሆን መልካም ነው።

ስለ ጧት ከተነሣ፣ የዓይን ነገር ሊታለፍ አይገባም። የ60 ዓመት ሰው ብሌኑ እየጠበበና የዓይኑ ሌንስ እየደፈረሰ ስለሚሄድ፣ በጨለማ ወደ ዓይኑ ውስጠኛ ክፍል የሚደርሰው ብርሃን ለ20 ዓመት ወጣት ከሚደርሰው አንድ ሦስተኛ ያህል ብቻ ነው። ከፊት የሚመጣ መብራት ዓይኑን ካጥበረበረው በኋላም ማየቱ እስኪመለስለት ብዙ ይቆያል። አንገቱ እንደ ቀድሞው አይዞርም፤ ስለዚህ የዳር መስታወት በሁለቱም በኩል ያስተክል። ጉልበቱም የሚያመው ከሆነ መሬት ለመሬት የምትሄድ የስፖርት መኪና ለእርሱ መከራ ናት፤ መግባቱ ቀርቶ መውጣቱ ያሳፍረዋል። 404 ወንበሯ ከፍ ያለ፣ በሮቿም አራት ስለ ሆኑ በዚህም ትሻላለች። የጥንቶቹ ግን የደኅንነት ቀበቶ የሌላቸው አሉና፣ ከሁሉ አስቀድሞ ቀበቶ ይተከልባቸው። የሐረር መስፍን የነበሩት ልዑል መኮንን ኃይለ ሥላሴ፣ ከተማው ሁሉ የሚወዳቸው፣ በ1949 ዓ.ም. ገና በ32 ዓመታቸው የተቀጠፉት በመኪና አደጋ መሆኑን አባቶቻችን በለቅሶ ሲያወሱት ኖረዋል። መኪና ልዑልንና ተራውን ለይታ አትገድልም።

አሁን ወደ ግዢው እንምጣ። ለ404 የሚከራከሩ ደላሎች ስለ ቀለሟ ብዙ ይናገራሉ፤ ገዢ ግን ጆሮውን ዘግቶ ይጎንበስ። መጀመሪያ የሚታየው ላሜራው ነው፤ የወለሉ፣ የበሩ ሥር፣ የፊት ሞላዎች የሚያርፉበት ስፍራ በዝገት የተበላ እንደ ሆነ፣ ስቱኮ ተለጥፎበት ቀለም ቢቀባም መኪናዪቱ ውስጧ የለም። ማግኔት ይዞ ቢዞር ስቱኮው ራሱን ይገልጣል። ሞተሩ ከዚህ ሁሉ ያነሰ ሥጋት ነው፤ ምክንያቱም ካሚቻዎቹ ከነፒስተናቸው ወጥተው ሊለወጡ የሚችሉ ስለ ሆኑ፣ ሬትፊካ ሳያስፈልግ እንደ አዲስ ሊሠራ ይቻላል። ሰማያዊ ጭስ ፋሻው ማለቁን ያመለክታል፤ ዘይቱ እንደ ወተት ከነጣ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ውሃ እያሳለፈ ነው። ከሁሉ የሚከፋው የኋላው ዲፈረንሻል ነው። ይህ በሌሎቹ መኪናዎች እንዳለው ያለ ጥርስ አይደለም፤ እንደ ብሎን የተጠመጠመ የብረት ጥርስ የነሐስ ጥርስን የሚያዞርበት ሥራ ነው፤ ድምፅ የሌለው፣ ጠንካራም ነው፣ ነገር ግን የራሱን ልዩ ዘይት ይፈልጋል፤ ያገኙትን ዘይት የሞሉበት እንደ ሆነ ነሐሱ ይበላል፤ ከተበላም ምትኩን ማግኘት እጅግ ይቸግራል። ስለዚህ ገዢው መኪናዪቱን በዳገት ነድቶ፣ እግሩን ከነዳጁ ላይ ሲያነሣ ከኋላ ጩኸት ይሰማ እንደ ሆነ ያድምጥ። በመጨረሻ ሊብሬውን ይዞ የሻንሲውን ቍጥር በዓይኑ ያመሳክር፤ የብዙ ዓመት ታክሲ ብዙ እጅ ያለፈች ናትና ያልተከፈለ ቦሎና ያልተዘዋወረ ስም አብሯት ሊመጣ ይችላል።

‹‹አዲስ መኪና አይሻልምን?›› የሚል ይኖራል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቍጥር 1186 ባገለገሉ የቤት መኪናዎች ላይ እንደ ዕድሜአቸውና እንደ ሞተራቸው መጠን እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። ስለዚህ ዛሬ ከውጭ የሚመጣው በኤሌክትሪክ የሚሄደው ነው። በዚህ ላይ ክፉ ቃል የለኝም። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይስብምና ከፍታ ጉልበቱን አይቀንሰውም፤ ገና ሲነካ ያለውን ጉልበት ሁሉ በአንድ ጊዜ ይሰጣል፤ ከደንገጎ ሲወርድም ሞተሩ ተመልሶ ኤሌክትሪክ እያመነጨ ባትሪውን ይሞላል፤ ፍሬኑም ያርፋል። አዲስ አበባ ላይ የበዙት የቮልስዋገን አይ.ዲ. 4 መኪናዎች ከብዙዎቹ የቀድሞ የስፖርት መኪናዎች ፈጥነው ይነሣሉ። የእኔ ቅሬታ ክብደታቸው ነው፤ አይ.ዲ. 4 ከሁለት ቶን በላይ ስትመዝን የ404 እጥፍ ትሆናለች፤ መታጠፊያውን የምታልፈው በኮምፒዩተር ብልኃት እንጂ በነጂው እጅ አይደለም። ከአዲስ አበባ ሐረር ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ መሆኑንም የሚያስብ ሰው፣ ባትሪውን በመካከል የት እንደሚሞላ አስቀድሞ ይወቅ። ወገቡን የሚያመው፣ ሜካኒክ መፈለግ የሰለቸው ሽማግሌ ይህችን ቢገዛ አልወቅሰውም። ለእጁና ለጆሮው ደስታ የሚሻ ግን ወደ ፈረስ መጋላ ይምጣ።

የሚመጣም ከሆነ ሳይዘገይ ይምጣ። ባጃጁ ገብቶ የታክሲውን ሥራ እየወሰደው ነው፤ ለመንዳት ርካሽ፣ ለጠባብ መንገድም የሚመች ስለ ሆነ ወደ እርሱ የሚዞረውን ባለታክሲ ወቅሰው አይመልሱትም። ሥራ ያጣች 404 ግን በአንድ ጥግ ትቆማለች፤ ከዚያም ሞተሯ ለአንዲቱ፣ በሯ ለሌላዪቱ ይወጣላታል፤ የቀረው ላሜራ በኪሎ ይሸጣል። ከእርሷ ጋር የሚጠፋው ብረት ብቻ ቢሆን ባላዘንሁ ነበር፤ የሚጠፋው የሜካኒኩ ዕውቀት ነው። በሐረር ጋራዦች ውስጥ ሽበት የበቀለባቸው፣ መለዋወጫ ከወደቡ ሳይመጣ በቀረበት ዘመን ሁሉ የጎደለውን በእጃቸው ቀጥቅጠውና ሞርደው ሠርተው መኪናዎቹን ያኖሩ፣ ካርቡራቶር ሲያስተካክሉ መሣሪያ ሳይሆን ጆሮ የሚጠቀሙ ባለ እጆች አሉ። ባለታክሲው እንዲህ ያለ ሥራ ለማሠራት ዐቅም የለውም፤ ለነገ የሚያደርሰውን ብቻ ያሠራል። ጊዜና ጥሪት ያለው ጡረተኛ ግን ሞተሩን ሙሉ በሙሉ አስፈትቶ፣ በሚገባ አስጠርጎ፣ በሚገባ ሊያስገጥም ይችላል። እንግዲህ ባለ እጁን አግኝቶ ዋጋ በሚነጋገርበት ጊዜ፣ ‹‹ጋሼ፣ በሁለት ሳምንት አስረክባለሁ›› ቢለው ‹‹ወር ይሁንልህ፤ ነገር ግን አንድ ልጅ አብሮህ ይሥራ›› ይበለውና፣ ካሚቻው ሲወጣ፣ ዲፈረንሻሉ ሲከፈት፣ ዡግለሩ ሲለካ ልጁ ከጎኑ ቆሞ እጁን እንዲያስገባ፣ የልጁን የወር ደመወዝ ከመኪናዪቱ ወጪ ላይ ደምሮ ይክፈል።